ባትሪው ይቅር፣ አውሮፕላኗ ትሂድ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለዝግጅት ክፍሉ፣ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የምኖረው ሐዋሳ ነው። በሪሞት የሚበሩ ትንንሽ አውሮፕላኖችን የምንወድ አምስት ሰዎች ነን፤ ሁለታችን እዚሁ ሐዋሳ፣ አንዱ አዳማ፣ አንዱ ጅማ፣ አንዷ ደግሞ ድሬዳዋ እንኖራለን። ሁላችንም በየግላችን ለመግዛት አቅማችን ስለማይፈቅድ፣ ያለችንን አንዲት ከፎም የተሠራች አውሮፕላን በፖስታ እየተላላክን በየተራ ልናበራት አስበናል። ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከነባትሪዋ 60 ግራም ያህል ትመዝናለች። እንዴት ብናሽጋት ሳትሰበር ትደርሳለች? ባትሪውንና ሪሞቱንስ አብረን እንላክ? አንዳችን እጅ ላይ ብትሰበር ወጪው የማን ይሆናል? (አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ የተከበሩ አንባቢያችን፣ ከጠየቁን ሁሉ ቀድሞ መልስ የሚሻው የባትሪው ጉዳይ ነው። የተሰበረ ክንፍ ይጠገናል፤ በጉዞ ላይ የተቀጣጠለ ባትሪ ግን የሌላውን ሰው ዕቃና ሕይወት ጭምር አደጋ ላይ ይጥላል። በእንደዚህ ዓይነት አውሮፕላኖች ውስጥ የሚገባው የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ ጠንካራ ቆርቆሮ የሌለው፣ በስስ ልባስ ብቻ የተጠቀለለ በመሆኑ፣ ቢወጋ፣ ቢጨፈለቅ ወይም ሁለቱ ሽቦዎቹ ቢነካኩ በአጭር ጊዜ ግሎ ሊነድ ይችላል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2016 ጀምሮ ለብቻው የታሸገ የሊቲየም አዮን ባትሪ (የሊቲየም ፖሊመሩም ከዚሁ ወገን ነው) በመንገደኞች አውሮፕላን በጭነት መልክ እንዳይጓጓዝ የከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ አባል የሆነችበት የዓለም ፖስታ ኅብረትም ለብቻው የተላከ የሊቲየም ባትሪን በዓለም አቀፍ የአየር ፖስታ አይቀበልም። የእናንተ መላላክ በአገር ውስጥ ቢሆንም፣ ባትሪው ከሐዋሳ ሲነሳና ከአገር ሲወጣ ጠባዩ አይለወጥም።

ስለዚህ ምክራችን አምስታችሁም የየራሳችሁን ባትሪና ቻርጀር እንድትይዙ፣ አውሮፕላኗ ግን ባዶዋን እንድትጓዝ ነው። ይህ ከእሳቱ ስጋት ሌላ በመካከላችሁ ሊነሳ የሚችለውን ቅሬታም ያስቀራል። የእነዚህ ባትሪዎች እያንዳንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል፤ ከ3 ቮልት በታች ወርዶ ከቆየ ብዙ ጊዜ አይመለስም፤ ሞልቶ ለሳምንታት ከተቀመጠም ይደክማል። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ባትሪ 3.8 ቮልት አካባቢ ላይ ሊተው ይገባዋል። አንድ ባትሪ በአምስት ሰው እጅ ከዞረ በኋላ አብጦ ቢገኝ ማን እንዳበላሸው ማወቅ አይቻልም፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው መጠራጠር ብቻ ነው።

ይህ አሠራር ግን አንድ ግዴታ ያስከትላል፤ አምስቱም ባትሪዎች በክብደትም በመሰኪያም አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። ከሚዛን ነጥቧ (በጣት ብትደገፍ ሳታዘነብል ከምትቆምበት ቦታ) 6 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት የሚቀመጠው ባትሪ ከተለመደው በ4 ግራም ብቻ ቢከብድ፣ 60 ግራም የምትመዝን አውሮፕላን ሚዛኗ ወደ አፍንጫዋ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይሸሻል። የክንፏ ስፋት ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይህ በመቶ 4 ነው፤ በአየር ላይ አፍንጫዋን ስትደፋ በግልጽ ይታወቃል። መሰኪያውንም በሚመለከት፣ ቅርጹ አንድ ሆኖ ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ የተገለበጠበት ባትሪ በገበያ ላይ ስለሚገኝ፣ ከመሰካት በፊት የሽቦዎቹን ቀለም ማስተያየት ያስፈልጋል። በተቃራኒው የተሰካ ባትሪ ሪሲቨሩን፣ ማለትም በአውሮፕላኗ ውስጥ ሆኖ የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለውን ዕቃ፣ በቅጽበት ሊያቃጥለው ይችላል።

ሪሞቱን አብሮ መላክ ይቻላል፤ የሚበጀው ግን ከሪሲቨሩ ጋር የሚስማማ ሪሞት ያለው ሰው የራሱን እንዲጠቀም፣ የሌለው ብቻ ከቡድኑ እንዲዋስ ነው። በ2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚሠሩ ሪሞቶች ሁሉ እርስ በርስ አይግባቡም፤ አንዱ ኩባንያ ከሌላው የተለየ የመገናኛ ሥርዓት ስለሚጠቀም፣ ከመጀመሪያው መላላክ በፊት የማን ሪሞት እንደሚስማማ ተጣርቶ ይለይ። አውሮፕላኗ ከአንዱ ወደ ሌላው ባለፈች ቁጥር ሪሲቨሩን ከአዲሱ ሪሞት ጋር እንደገና ማገናኘት ይኖርባችኋል። ከዚህ በኋላ ፕሮፔለሩ (ሞተሩ የሚያሽከረክረው መቅዘፊያ) ሳይገጠም ሦስት ነገሮች ይፈተሹ። የሪሞቱ መቆጣጠሪያ ዘንግ ወደ ቀኝ ሲገፋ በቀኙ ክንፍ ላይ ያለው ተንቀሳቃሽ ቅጠል ወደ ላይ መነሳት አለበት፤ ወደ ራስ ሲሳብ የጅራቱ አግድም ቅጠል ወደ ላይ መታጠፍ አለበት፤ ሞተሩ እየዞረ ሳለ ሪሞቱ ቢጠፋ ሞተሩ ወዲያውኑ መቆም አለበት። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኛ ግን ከሁሉ አስበልጠን እናስቀድመዋለን፤ ግንኙነቷ ተቋርጦ ሞተሯ የማይቆም አውሮፕላን ወዴት እንደምትሄድ የሚያውቅ የለምና።

ወደ ማሸጉ እንለፍ። ብዙ ሰው ክንፉን ለማዳን ሲጨነቅ ሰርቮውን ይረሳል። ሰርቮ ማለት ቅጠሎቹን የሚያንቀሳቅሰው፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህለው ትንሽ ሞተር ነው፤ በውስጡ ያሉት የፕላስቲክ ጥርሶች ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ ናቸው። ካርቶኑ ሲንገጫገጭ ቅጠሉ በአንድ ነገር ተገፍቶ በግድ ከታጠፈ ጥርሶቹ ይላጫሉ፤ ከውጭ ሲያዩት ምንም የተበላሸ አይመስልም፤ ጉዳቱ የሚታወቀው አውሮፕላኗ ከተነሳች በኋላ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቅጠል ከላይና ከታች በቀጭን የካርቶን ቁራጭ ተይዞ፣ በወረቀት ጥብጣብ እንዳይንቀሳቀስ ይታሰር። ስኮች በቀጥታ ፎሙ ላይ አይለጠፍ፤ ሲነሳ ቀለሙንና ገጹን ይዞ ይነሳል። ፕሮፔለሩ ተፈትቶ ከነብሎኑ በትንሽ ከረጢት ይግባ። የአውሮፕላኗ አካል ከሆዷ ሥር በሁለት ቦታ ተደግፎ ይቀመጥ እንጂ ክንፏ ክብደት እንዲሸከም አይደረግ፤ በሁሉም አቅጣጫ ከካርቶኑ ግድግዳ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ትራቅ፤ ባዶው ቦታ በተጨማደደ ወረቀት ይሞላ።

የካርቶኑ መጠን ከዋጋ ጋር ይያያዛል። ብዙዎቹ ፈጣን መልእክት አመላላሾች ቀላል ሆኖ ቦታ የሚይዝ ዕቃን የሚያስከፍሉት በሚዛን ሳይሆን በይዘት ነው፤ ርዝመቱ፣ ወርዱና ከፍታው በሳንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ5,000 ይካፈልና ውጤቱ እንደ ኪሎ ይቆጠራል። 70 በ25 በ20 የሆነ ካርቶን፣ በውስጡ ያለው 60 ግራም እንኳ ባይሞላ፣ እንደ 7 ኪሎ ይታሰባል። ክንፏ ከመሃል የምትለያይ ከሆነችና ካርቶኑ ወደ 40 በ20 በ15 ከወረደ ግን 2.4 ኪሎ ይሆናል። የምታለያዩበት ዘዴ ካለ ድካሙ አያስቆጭም። በመናኸሪያ በኩል በአውቶቡስ መላክም የተለመደ ነው፤ ፈጣንና ርካሽም ነው፤ ነገር ግን ካርቶናችሁ ከከረጢትና ከሻንጣ ሥር ሊገባ ስለሚችል፣ ሰው በእጁ ይዞት ካልሄደ በቀር አንመክርም።

ወጪውንና ኃላፊነቱን በሚመለከት፣ ሩቅ ሳትሄዱ የዕቁብን ሥርዓት ብትከተሉ ይበጃችኋል። ዕቁብ ያለ ዳኛና ያለ ጸሐፊ አይቆምም፤ ዕጣ የወጣለትም ደርሶኛል ብሎ መክፈሉን አያቋርጥም። እናንተም ተራችሁን በዕጣ ለዩ፤ ከመካከላችሁ አንዱን ዳኛ አድርጉ፤ በየወሩ ትንሽ መዋጮ እያወጣችሁ ለፕሮፔለር፣ ለሙጫና ለፖስታ የሚሆን መጠባበቂያ ያዙ፤ ተራው ያለፈውም መክፈሉን ይቀጥል። በእኛ አስተያየት አንድ ሰው አውሮፕላኗን ከአንድ ወር ላላነሰ ጊዜ ቢይዛት ይሻላል፤ በየሳምንቱ ከተላከች ጊዜውም ገንዘቡም በማሸግና በመፈተሽ ያልቃል። አንዱ እያበረረ ቢሰብራት ጠግኖ ማስተላለፍ የእሱ ድርሻ ነው፤ በአገልግሎት ብዛት ያለቀ ነገር ግን ከመጠባበቂያው ይተካ። በጉዞ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ደግሞ፣ ላኪው ካርቶኑን ከመዝጋቱ በፊት፣ ተቀባዩም ከመክፈቱ አስቀድሞና እንደከፈተ ፎቶግራፍ አንስተው ይላላኩ።

ከአውሮፕላኗ ጋር አንድ ስስ ደብተር አብሮ ይጓዝ። በደብተሩ ላይ የሚዛን ነጥቧ ከክንፉ ፊት ጠርዝ በስንት ሚሊ ሜትር ላይ እንዳለ (አብዛኛውን ጊዜ ከክንፉ ስፋት ሩብ እስከ ሲሶ ላይ ይገኛል)፣ ቅጠሎቹ በስንት ሚሊ ሜትር እንደሚታጠፉ፣ የትኛው ቦታ በምን ሙጫ እንደተጠገነና ከጥገናው በኋላ ስንት ግራም እንደመዘነች ይጻፍ። ተራ ሱፐር ግሉ የቴሌቪዥን ማሸጊያ የሆነውን ነጭ ፎም ያቀልጠዋል፤ ሌሎቹን የፎም ዓይነቶች ግን ላያቀልጥ ይችላል፤ ስለዚህ በትንሽ ጥግ ላይ ሳይሞከር ስብራት ላይ አይፍሰስ። እያንዳንዱ ሰው አንድ ሁለት ግራም ሙጫ ከጨመረ፣ ተራው አንድ ጊዜ ሲዞር አውሮፕላኗ በግልጽ ከብዳ ትገኛለች፤ ይህንን የሚያጋልጠው ደብተሩ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ከላይ ከጻፈላችሁ ቡድን አባላት አንዱ ነኝ። አዳማ ነፋሷ ብርቱ ነው። ተራዬ ሲደርስ ይህችን ቀላል አውሮፕላን ላበራት እችላለሁ? (አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ይችላሉ፤ ነገር ግን ሰዓት መምረጥ ግድ ይልዎታል። አዳማ ቁጥር አንድ እና ቁጥር ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች 51 እና 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዘው እዚያ የተተከሉት ነፋሱ አስተማማኝ በመሆኑ ነው፤ ለተርባይኑ የሚስማማው ነፋስ ግን ለ60 ግራም አውሮፕላን አይስማማም። የዛፍ ቅጠልና ቀጫጭን ቅርንጫፍ ያለማቋረጥ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ነፋሱ በሰከንድ ከ3 ሜትር አልፏልና ካርቶኑን አይክፈቱ። ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ሳታሞቅ ያለው ሰዓት ከሁሉ የተሻለ ነው።

ሌላው ከፍታ ነው። አዳማም ሐዋሳም ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ፤ በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በመቶ 15 ያህል ይሳሳል። ስለዚህ አውሮፕላኗ እንዳትወድቅ የሚያስፈልጋት ዝቅተኛ ፍጥነት በመቶ 9 ገደማ ይጨምራል። ሙቀትም አየሩን የበለጠ ያሳሳዋል። ወደ 1,200 ሜትር ዝቅ ከምትለው ድሬዳዋ አውሮፕላኗ ስትመጣላችሁ፣ የድሬዳዋዋ ባልደረባችሁ በደብተሩ ላይ «በዝግታ ታርፋለች» ብለው ቢጽፉ እንኳ፣ እናንተ ስታሳርፉ ጥቂት ፍጥነት ጨምሩላት። ካርቶኑንም በቀትር ፀሐይ በተዘጋ መኪና ውስጥ አይተዉት፤ ፎሙ ሞቆ ክንፏ ይጣመማል።

ለሐዋሳው ጠያቂያችንም አንድ ነገር እንጨምር፤ በሐይቁ ዳርቻ፣ በተለይም አባ ኮዳዎች በሚበዙበት በአሞራ ገደል አካባቢ አያብርሩ። ወፎቹም አውሮፕላኗም ይጎዳሉ፤ ፀሐይ ከበረታች በኋላም ከሐይቁ ወደ የብስ የሚነፍሰው አየር ይነሳል። ከአውሮፕላን ማረፊያም መራቅ አማራጭ የሌለው ግዴታ ነው።

ጥያቄ፦ በውጭ አገር የሚኖር ዘመዴ ተመሳሳይ አውሮፕላን ከነባትሪው ሊልክልኝ ይፈልጋል። ምን ማድረግ አለብኝ? (አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ በዓለም ፖስታ ኅብረት ደንብ መሠረት ባትሪው በመሣሪያው ውስጥ የተገጠመ ከሆነ፣ የላኪውም አገር ፖስታ ቤት የሚቀበል ከሆነ፣ በተወሰነ መጠን መላክ ይቻላል፤ ትርፍ ባትሪ በጎን ማስቀመጥ ግን አይቻልም። ከዚህ የሚከብደው የጉምሩኩ ጉዳይ ነው። በሪሞት የሚበር ነገር፣ ካሜራ ባይኖረውም፣ እንደ ድሮን ሊታይ ይችላል፤ ያለ ፈቃድ የገባ ድሮንም ይያዛል። ስለዚህ ዕቃው ከመላኩ በፊት የአውሮፕላኗን ክብደት፣ ፎቶግራፍና ካሜራ እንደሌላት የሚገልጽ ማብራሪያ ይዘው፣ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርንና የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ይጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ እስኪያገኙ ድረስም ዘመድዎ እንዳይልኩ ይንገሯቸው።