ድንጋዩ አዲስ፣ ጩኸቱ ያው

የቤት ዕቃ ጠጋኙ ለአንባቢዎች ይመልሳል

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ልጄ በ2010 ክረምት ከአሜሪካ ስትመጣ ማቶት የምታክል ነጭ ዕቃ ይዛልኝ መጣች። የከሰል መርዝ ሲኖር ትጮሃለች ብላ መኝታ ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቀለችልኝ። እንዳለችውም አንድ ክረምት ጮሃ አስወጥታኛለች። ካለፈው ሰኔ ወዲህ ግን ከሰል ሳይኖርም ጢጥ ጢጥ ትላለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ጢጥ ጢጥ። የጎረቤቴ ልጅ ድንጋዩ አልቆ ነው ብሎ ሁለት ትንንሽ ድንጋይ ገዝቶ ከተተላት። ያው ናት። ሌላ ሱቅ ሄዶ ሌላ ገዛ፤ ያው ናት። ከጀርባዋ 2025 የሚል አለ አለኝ። እንግዲህ ገና ሰባት ዓመት ይቀራታል። እንቅልፍ ብትነሳኝ በፎጣ ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኳት። ምን ሆና ነው?»
ወ/ሮ ጥ.፣ ከደብረ ማርቆስ

እትዬ፣ መልሱ እዚያው ጀርባዋ ላይ ነው። የጎረቤትዎ ልጅ ፎቶ አንስቶ ላከልኝና አጉልቼ አየሁት። «በጁን 2025 ይቀየር» ይላል። ዓመቱ የፈረንጅ ነው። በእኛ ሰኔ 2017 መሆኑ ነው። ሰባት ዓመት አይቀራትም፤ ጊዜዋን ጨርሳለች። ደግሞ አይሳቀቁ። እኔም የመድኃኒት ጊዜ ሳነብ ሁልጊዜ በጣቴ ነው የምቆጥረው።

በደብዳቤዎ ላይ «ጢጥ ጢጥ» ብለው ሁለት ሁለቴ ጽፈዋል። እሷን ነው የያዝኳት። ድንጋዩ ያለቀበት አላርም አብዛኛውን ጊዜ በየደቂቃው አንዴ ብቻ ነው ጢጥ የሚለው። ዕድሜው ያለቀ ግን በብዙዎቹ ላይ በግማሽ ደቂቃ ሁለት ጊዜ ይላል። ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ አብሮት የሚመጣውን ወረቀት አይጣሉ። ጽሑፍ የሚያሳይ ትንሽ መስኮት ያላቸው ደግሞ ኢ፣ ኤን፣ ዲ የሚሉ ሦስት የፈረንጅ ፊደላት ያወጣሉ፤ አለቀ ማለት ነው።

ድንጋይ ቢቀየር ለምን አይድንም? ውስጧ ኬሚካል የያዘች ትንሽ ነገር አለች። እኔ አፍንጫዋ እላታለሁ። የከሰል መርዝ የምንለው ጋዝ፣ ማለትም ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሲነካት እጅግ ትንሽ ኤሌክትሪክ ታመነጫለች፤ ዕቃዋ ያንን ለክታ ነው የምትጮኸው። ይህች አፍንጫ ከሰል ቢኖርም ባይኖርም ታረጃለች። ብዙዎቹ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት፣ አንዳንዶቹ እስከ አሥር ዓመት ይሄዳሉ። ድንጋይ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ማሽተት አያስተምርም።

«ቁልፉን ስጫናት እኮ በደንብ ትጮሃለች» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ቁልፉ የሚፈትነው ድንጋዩን፣ ሽቦውንና ድምፁን ነው። አፍንጫዋን አይደለም። ለዚህ ነው ጊዜዋ ካለፈ በኋላ ግድግዳ ላይ እንድትቆይ የማልፈልገው። የሞተች ዕቃ ሰቅሎ «አለችልኝ» ብሎ ከሰል አስገብቶ መተኛት፣ ምንም ሳይኖር ከመተኛት ይብሳል። ለልጅዎ ይደውሉላት። ስትልክ ግን በድንጋይ የምትሠራውን ትላክ። የአሜሪካኑ ሶኬት ላይ የሚሰካው ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የእኛ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። እኔ ጋ ተቃጥለው የመጡ አሉ።

አዲሷ እስክትመጣ ከሰሉ ከመኝታ በፊት ደጅ ይውጣ። «መስኮት ከፈት አድርጌያለሁ» አይበቃም። ብርዱን ብርድ ልብስ ይጨምሩበት፤ ፍል ውሃ በጠርሙስ አድርጎ እግር ስር ማስገባትም ደህና ነው። ከጮቄ የሚወርደውን ብርድ እኔም አውቀዋለሁ።

ስለ ድንጋይ ካነሳን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ሐምሌ ላይ ነው፤ አማቴ ከስናን መጥተው ነበር። ሬዲዮኔ ድንጋይ ጨርሶ ሱቁ ተዘግቷል። ጠጋኝ ነኝና መላ አላጣም። ከአላርሙ ሁለቱን አውጥቼ ሬዲዮኑ ውስጥ ከተትኩ። ነገ እመልሳለሁ ብዬ ረሳሁት። በሦስተኛው ቀን ዝናቡ በረታና ባለቤቴ ለእናቷ ብላ ምድጃውን ወደ ውስጥ አስገባች። ጠዋት ሦስታችንም ራሳችንን ይዘን ተነሣን። አማቴ አስመለሳቸው። ብርድ ነው አልን፤ ጉንፋን ነው አልን። እኔ ላሟን ላያት ወጣሁ። ደጅ ትንሽ ስቆም ራሴ ለቀቀኝ። ስመለስ እንደገና ያዘኝ። ያኔ ነው የገባኝ። አማቴን ደግፈን ስናወጣቸው አላርሙ ግድግዳ ላይ አፉን ከፍቶ ተሰቅሏል፤ ጠረጴዛው ላይ ሬዲዮኑ በሱ ድንጋይ ይዘፍናል። እግዜር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ባለቤቴ ግን ዛሬም ሬዲዮ በከፈትኩ ቁጥር «የማን ድንጋይ ነው?» ትለኛለች።

እናንተ እንዲህ አድርጉ። በወር አንድ ጊዜ ቁልፉን ተጫኑ። ድንጋዩን በዓመት ሁለት ጊዜ እዩ፤ እኔ ለመስቀልና ለፋሲካ አድርጌዋለሁ፤ ቤት ሲጸዳ አብሮ ይታወሳል። ድንጋዩ «አልካላይን» የሚል ይሁን። ርካሹ ቶሎ ይደክማል። በቻርጀር የሚሞላውም ለሬዲዮ ጥሩ ቢሆን ቮልቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ወረቀቱ ካልፈቀደ አይግባ። አንዱን አዲስ አንዱን አሮጌ ማድረግ የለም፤ ሲቀየሩ አብረው ይቀየሩ። ፕላስና ማይነሱን አይታችሁ ክተቱ፤ ክዳኑን ከዘጋችሁ በኋላ ቁልፉን ተጫኑ። ካልጮኸ አልገባም ማለት ነው። ድንጋዩ አፍልቶ ነጭ ዱቄት ከተፋ በእጅ አትንኩት፤ ጥጥ በትንሽ ሎሚ ነክራችሁ ጫፉን ጥረጉና በደንብ ይድረቅ።

አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ወይም በለስላሳ ብሩሽ አንሱለት። በረኪና አታስነኩት። ፍሊት አትንፉበት። ቤት ቀለም ሲቀባ አውርዳችሁ ሌላ ክፍል አቆዩት፤ ሽታው አፍንጫውን ይጎዳዋል።

ወ/ሮ ጥ.፣ የእርስዎን አሁን ድንጋዩን አውጥተው ያስቀምጧት። ሁለቱ አዲስ ድንጋዮች አይጣሉ። ለሬዲዮ ይሆናሉ።

«ወንድሜ፣ እኛ ቤት ችግሩ ሌላ ነው። ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው ሳይደርስ አላርሙ ይጮሃል። እንግዳ ፊት አሳፈረን። ባለቤቴ ዕጣኑ ነው ትላለች። እኔ ድንጋዩን ነቅዬ ቡናው ሲያልቅ እመልሳለሁ። ከሰላችን ከራሳችን የዲከረንስ ዛፍ የወጣ ነው፤ ደጅ ተቀጣጥሎ ደህና ቀልቶ ነው የሚገባው። ዕጣን እንዳይሸተው ማድረግ ይቻላል?»
አቶ መ.፣ ከእንጅባራ

ዕጣኑን አታሙት። ዕጣኑ ከተጨሰበት ፍም ነው ነገሩ። የአዊ ዲከረንስ ከሰል አዲስ አበባ ድረስ የሚሄድ ጥሩ ከሰል ነው፤ ግን ጥሩ ከሰልም ከሰል ነው። «ከቀላ አይጎዳም» የሚለውን ወሬ ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማዋለሁ። ሲቀላ የሚጠፋው ዓይን የሚያቃጥለው ጭስ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ መኖሩንም መሄዱንም አታውቅም።

ማታ መብራት ሲጠፋ ምድጃህን ጎንበስ ብለህ እየው። ከቀላው ፍም በላይ ቀጭን ሰማያዊ ነበልባል ትጫወታለች። እሷ ራሷ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስትቃጠል ነው። ከታች የተቃጠለው አየር በቀላው ከሰል መሃል ሲያልፍ ተመልሶ ወደዚህ ጋዝ ይለወጣል። ከላይ የተቃጠለው ተቃጠለ፤ ያልተቃጠለው ወደ ቤትህ ይገባል። ደማችን ደግሞ ከኦክስጅን ይልቅ እሱን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል።

የድሮው ሣር ቤት ቢያንስ በክዳኑ ይተነፍስ ነበር። የዛሬው ብሎኬት ቤት ኮርኒስ ተመቶለት፣ የአሉሚኒየም መስኮት ገብቶለት ጥርቅም ያለ ነው። እናቶቻችን ሳይሞቱ ያፈሉበት ቡና እኛን የሚያዞረን አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አላርሙ በአውሮፓ ደረጃ የተሠራ ከሆነ፣ ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር 50 እጁ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲሆን የሚጮኸው ከአንድ ሰዓት እስከ ሰዓት ተኩል ቆይቶ ነው። 300 ሲደርስ ግን ሦስት ደቂቃ አይሞላም። አስበው፤ የእናንተ በሁለተኛው ቡና ላይ የሚጮህ ከሆነ ክፍሉ ውስጥ ያለው ትንሽ አይደለም። እንግዳ ፊት ያሳፈራችሁ ዕቃ እንግዳውን እያዳነላችሁ ነው። ቡናውን በረንዳ ላይ አውጡት፤ ዝናብ ካለ በርና መስኮቱ ትይዩ ተከፍቶ ነፋስ ይለፍ። አላርሙ ምድጃው አናት ላይ ከሆነም ጥቂት ሜትር አርቁት። ድንጋይ መንቀል ግን ይቅርብህ፤ የኔን ታሪክ ከላይ አንብበሃል።

አንድ ነገር ልጨምር። አራት ጊዜ ጢጥ ጢጥ ጢጥ ጢጥ ብሎ፣ ትንሽ አርፎ እንደገና አራቱን ከደገመ የድንጋይ ጉዳይ አይደለም። ያኔ የሚፈለግ ጫማ፣ የሚነሣ ስኒ የለም። ልጅም ሽማግሌም ደጅ ይውጣ። ራሱን የሚያዞረው፣ የሚያስመልሰው ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለው ካለ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ወተት ማጠጣት ጊዜ ማጥፋት ነው፤ የሚያስፈልገው ኦክስጅን ነው፤ እሱ ደግሞ ሐኪም ቤት ነው ያለው።

«ጋሼ፣ ቢቸና ተከራይቼ የምማር ልጅ ነኝ። አላርም ተሰጠኝ። ጓደኛዬ ጋዙ ከባድ ነው፣ መሬት ላይ አድርገው ይላል። ሌላው ይወጣል፣ ኮርኒሱ ላይ ስቀለው ይላል። የቱ ነው?»
ተማሪ አ.

ሁለቱም አይደሉም፣ የኔ ልጅ። ኬሚስትሪ ካላችሁ አስላው፦ ካርቦን ሞኖክሳይድ 28፣ አየር በአማካይ 29 ገደማ ነው። ክብደታቸው ተቀራራቢ ስለሆነ በክፍሉ ሁሉ ይቀላቀላል። አልጋህ አጠገብ፣ ተኝተህ ራስህ ባለበት ቁመት ስቀለው፤ ዋናው ነገር ከእንቅልፍህ እንዲቀሰቅስህ ነው። መጋረጃ ጀርባ አታድርገው፣ መስኮት ጠርዝ ላይም አታድርገው። የመኪና ባትሪ ክፍልህ ውስጥ ቻርጅ የምታደርግ ከሆነ ግን ያንን አውጣው። ሲሞላ የሚያወጣው ሃይድሮጅን አላርሙን ያሳስተዋል፤ ደግሞም ብልጭታ ካገኘ ይፈነዳል። አከራይህ በረንዳ ላይ ቦታ ካልሰጡህ ጻፍልኝ።