ምክንያታችሁን ለሚጎዳው ሰው ንገሩት

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት የሰው ምክንያት በመስማት ነው። መጀመሪያ በጥብቅና፣ ኋላ በዳኝነት። በዚህ ሁሉ ጊዜ «ክፉ መሥራት ስለፈለግኩ ሠራሁት» ያለኝ ሰው አላጋጠመኝም። ወንድሙን የካደውም፣ ሰነድ ሰርዞ የደለዘውም ምክንያት አያጣም። አንዳንዱ እንዲያውም አንጀት ይበላል። ስለዚህ ምክንያት ይኑራችሁ ብዬ አልመክራችሁም፤ እሱ መቼም አይጠፋም። የምለምናችሁ፣ ምክንያታችሁን ለማን እንደምትናገሩ እንድታስቡ ነው።

የሕግ ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጉዳይ አለ። በ1884 እ.ኤ.አ. ሚኞኔት የምትባል አነስተኛ የእንግሊዝ መርከብ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ሰጠመች። አራት መርከበኞች በአንዲት ትንሽ ጀልባ ተረፉ። የያዙት ስንቅ ሁለት ጣሳ የታሸገ አትክልት ነበር። የሚጠጣ ውሃ አልነበራቸውም። ከሁለት ሳምንት በላይ እንዲህ ከቆዩ በኋላ ካፒቴኑ ዱድሊ ከረዳቱ ከስቲቨንስ ጋር ተስማምቶ ሪቻርድ ፓርከር የተባለውን የ17 ዓመት ልጅ ገደለው። ሥጋውን በሉ። በአራተኛው ቀን ሌላ መርከብ ደርሶ አዳናቸው።

ድርጊቱን አልካዱም። ባናደርገው ሁላችንም እናልቅ ነበር ባዮች ናቸው። እኔ ግን ጉዳዩን ባነበብኩ ቁጥር የምቆመው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ልጁን ከመግደላቸው በፊት ተነጋግረዋል። እኛ ቤተሰብ አለን፣ እሱ ሞቶ እኛ ብንተርፍ ይሻላል ተባብለዋል። ልጁ ያን ጊዜ እዚያው ጀልባዋ ውስጥ ተኝቷል። የባሕር ውሃ ጠጥቶ ታሟል፣ ተዳክሟል። ሁለቱ እርስ በርስ ምክንያት ተሰጣጡ፣ ተስማሙም። የሚሞተውን ልጅ ግን ማንም ፈቃዱን አልጠየቀውም። ዳኞቹም ይህን አላለፉትም። ከአዋቂዎቹ አንዱ መሆኑ ቀርቶ ለምን ልጁ? የተመረጠው እኮ ትንሹና ደካማው፣ እጁን ማንሣት የማይችለው ነው።

ፍርድ ቤቱ ሞት ፈረደባቸው። ኋላ ቅጣቱ ወደ ስድስት ወር እስራት ተቀነሰ። ይህን የሚሰማ ሰው ብዙ ጊዜ ግራ ይጋባል። ወይ ነፍሰ ገዳዮች ናቸው፣ ወይ አይደሉም ይላል። ለእኔ የሚጋጭ ነገር አይታየኝም። «ያደረግኩት ትክክል ነው» ማለት አንድ ነገር ነው። «ጥፋት ነው፣ ግን የነበርኩበትን ሁኔታ አይታችሁ ፍረዱኝ» ማለት ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ተከለከሉ፤ ሁለተኛው ተሰማላቸው። በ1945 እ.ኤ.አ. የናዚ መሪዎችን የዳኘው የኑረምበርግ ፍርድ ቤት የተቋቋመበት ቻርተርም በዚሁ መንገድ ነው የሄደው። «ታዝዤ ነው» ማለት ከኃላፊነት አያድንም አለ፤ ፍትሕ ከጠየቀ ግን ቅጣት ሊያቀልል ይችላል።

እባካችሁ እነዚህን ሁለቱን አታደባልቁ። «ምን ላድርግ፣ ሌላ አማራጭ አልነበረኝም» ስትሉ የትኛውን እያላችሁ ነው? ሁለተኛውን ከሆነ አያሳፍርም፤ ሰው ነንና ምሕረት እንፈልጋለን። የሚያበላሸን፣ ምሕረት ልንጠይቅበት የሚገባውን ነገር ልክ ነበር ብለን ሽንጣችንን ገትረን ስንከራከርለት ነው። ያኔ ነገም እንደግመዋለን።

ፍርድ ስጽፍ አንድ ልማድ ነበረኝ። ሐተታውን ከጨረስኩ በኋላ በተረታው ወገን ዓይን አነበዋለሁ። የረታው ሰው ምክንያቱን አያጠናም፣ ውጤቱን አይቶ ደስ ብሎት ይሄዳል። የተረታው ነው እያንዳንዷን መስመር የሚመረምራት። «ክርክሩን አልተቀበልነውም» የምትል ባዶ ዓረፍተ ነገር ካገኘሁ እሰርዛታለሁ። ለምን አልተቀበልነውም? ሰውየው ያለው ምን ነበር? እሱን ጽፌ መልስ እስክሰጠው ድረስ አልፈርምም። አንዳንዴ መልስ አጣለሁ። ያኔ የሚቀየረው ዓረፍተ ነገሩ ብቻ ሳይሆን ውሳኔው ራሱ ነው።

ፖለቲካ ውስጥ ይህ ይበልጥ ይከብዳል፤ የሚያጨበጭበው ብዙ፣ የሚጎዳው ጥቂት ነውና። የጀርመን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2006 እ.ኤ.አ. የወሰነውን ተመልከቱ። የተጠለፈ አውሮፕላን ሰው መፍጀት ላይ ሊውል ነው ሲባል፣ መንግሥት መትቶ እንዲጥለው የሚፈቅድ ሕግ ወጥቶ ነበር። ፍርድ ቤቱ ሻረው። ሌሎችን ለማዳን ተብሎ ንጹሐን ተሳፋሪዎችን እንደ ዕቃ መቁጠር ሰብአዊ ክብራቸውን ይነካል አለ። ምድር ላይ ያሉትስ ብትሉኝ፣ ጥያቄው እኔንም ያስጨንቀኛል። ቢሆንም ውሳኔው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ተሳፋሪዎቹን ዓይን ዓይናቸውን እያየ «ልገድላችሁ መብት አለኝ» የሚል መንግሥት ምን ምክንያት ሊያቀርብላቸው እንደሚችል አይታየኝም።

ሕሊናችን ካልፈቀደ ሕግም ቢሆን እንጥሳለን የምትሉ አላችሁ። አልቃወማችሁም። ጋንዲ በ1922 እ.ኤ.አ. ሕዝቡን በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ አነሣሥተሃል ተብሎ ሕንድ ውስጥ አሕመዳባድ ላይ ለፍርድ ሲቀርብ ጥፋተኛ ነኝ አለ። ዳኛውንም፣ ሕጉ ክፉ ነው ብለህ ካመንክ ሥራህን ልቀቅ፣ ልክ ነው ካልክ ከባዱን ቅጣት ስጠኝ አለው። ዳኛው ስድስት ዓመት ፈረደበት፤ መንግሥት ቢቀንስልህ ከእኔ በላይ የሚደሰት አይኖርም ብሎም ነገረው። ሁለቱ ፊት ለፊት ተነጋገሩ። የታሰረውም ምክንያቱን ያቀረበው ሰው ራሱ ነው። እናንተም ሕግ ለመጣስ ስትነሡ መጀመሪያ ዋጋውን ማን እንደሚከፍል እዩ። ከፋዩ ሌላ ሰው ከሆነ፣ ከድርጊቱ በፊት ሄዳችሁ አነጋግሩት። እሱ እምቢ ቢላችሁም ስሙት።