በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለምትማሩ ልጆቻችን

ልጆቼ፣ ብዙዎቻችሁ ከቤት ስትወጡ የምትሰሙት ምክር «አርፈህ ተማር» የሚል ነው። ወላጆቻችሁ መናገር ሰውን ምን እንደሚያስከፍል አይተው ያደጉ ናቸውና አትፍረዱባቸው፤ ሆኖም የምትማሩበት አገር ሕግ ስለ እናንተ ምን እንደሚል ለይታችሁ እንድታውቁ፣ በጥብቅና ሙያ እንዳረጀ ሰው አደራ እላችኋለሁ።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1965 በአዮዋ ግዛት፣ በዴ ሞይን ከተማ፣ የ13 ዓመቷ ሜሪ ቤት ቲንከር፣ የ15 ዓመቱ ወንድሟ ጆንና የ16 ዓመቱ ክሪስቶፈር ኤክሃርት በቬትናም ጦርነት ላለቁት ማዘናቸውን ለመግለጽ ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረው ትምህርት ቤት ገቡ። ጥቁር ለብሶ ማዘን ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ርእሰ መምህራኑ ዕቅዱን ቀድመው ሰምተው ከልክለው ስለነበር ልጆቹ ታገዱ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1969 በ7 ለ2 ድምፅ ፈረደላቸው። ዳኛ ኤብ ፎርታስ እንደጻፉት ተማሪ ሐሳቡን የመግለጽ መብቱን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጥሎ አይገባም፤ «ረብሻ ይነሣ ይሆናል» የሚል ስጋት ብቻውንም ለመከልከል አይበቃም፤ ንግግሩ ትምህርቱን በእጅጉ እንደሚያውክ ወይም የሌላውን መብት እንደሚነካ የሚያሳይ ተጨባጭ ምክንያት መኖር አለበት።

መብቱ ወሰን አለው። ስድና ብልግና ያለበትን ንግግር ትምህርት ቤቱ ሊቀጣ ይችላል። በ1988 ደግሞ በሚዙሪ አንድ ርእሰ መምህር ስለ ተማሪዎች እርግዝናና ስለ ወላጆች ፍቺ የተጻፉ ጽሑፎችን ከተማሪዎች ጋዜጣ ቢያስወጡ፣ ፍርድ ቤቱ ጋዜጣው የክፍል ትምህርት አካል ነው ብሎ ደገፋቸው። ይህን ፍርድ በልቤ ተቀብዬው አላውቅም፤ ለወጣት የሚያስፈልገው ጽሑፍ ይኸው ነበርና። ደግነቱ ብዙዎቻችን የምንኖርባት ሜሪላንድ በ2016 ለተማሪ ጋዜጠኞች ሰፋ ያለ ጥበቃ በሕግ ሰጥታለች። ከግቢ ውጭ በስልክ የሚጻፈውን በተመለከተ በ2021 የተሰጠው ፍርድ፣ በስናፕቻት በጻፈችው ስድብ ከቺርሊዲንግ ቡድን ለአንድ ዓመት ለታገደች የፔንስልቬንያ ተማሪ ፈርዷል፤ ዛቻና ሰውን ለይቶ ማሠቃየት ግን ዛሬም ያስቀጣል። የግል ትምህርት ቤቶችን ይህ ሁሉ አያስገድዳቸውም።

ርእሰ መምህሩ ቢጠሯችሁ በአክብሮት ቀርባችሁ የትኛውን ደንብ እንደጣሳችሁ በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ፤ ያላነበባችሁት ወረቀት ላይ አትፈርሙ፤ የሆነውንም በዚያው ቀን ጻፉት። ወላጆቻችሁ ሲጠሩ ደግሞ ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ እንዲያቀርብላቸው ጠይቁ እንጂ፣ በገዛ ጉዳያችሁ እናንተው አስተርጓሚ ሆናችሁ አትቀመጡ።