ሞቱን ሳልሰማ ለአባቴ ጤና የጸለይኩት ጸሎት ከንቱ ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የዩኒቨርሲቲ የ3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የምማርበት ከተማ ከቤተሰቤ በአውቶቡስ የሁለት ቀን መንገድ ይርቃል። ባለፈው ሴሚስተር አባቴ በጠና መታመሙን ሰምቼ ስለ ነበር ሌሊት ሌሊት ዶርም ውስጥ ውዳሴ ማርያም እየደገምኩ «አምላኬ ሆይ ማረው» እያልኩ እለምን ነበር። ስደውል እናቴ «ደኅና ነው፣ አሁን ተኝቷል» ትለኛለች። ፋይናል ጨርሼ ቤት ስገባ ግን የጠበቀኝ መርዶ ነው፤ አባቴ ካረፈ 23 ቀን ሆኖታል። ፈተናዬ እንዳይሰናከል ብለው ነው የደበቁኝ። ቀብሩ ላይ አልቆምኩም፣ ፍትሐቱንም አልሰማሁም። ለሞተ ሰው ጤና የለመንኩት ያ ሁሉ ጸሎት የት ገባ? አሁን ወደ ግቢ ተመልሻለሁ። መጽሐፍ ስከፍት አባቴን የረሳሁት ይመስለኛል፤ ስዘጋው ደግሞ ልፋቱን ያባከንኩበት ይመስለኛል። ማልቀሴንም «እምነት ማጣት ነው» ያሉኝ አሉ። አርባው በቅርቡ በትምህርት ቀን ይውላል፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ የአባትሽንም ነፍስ ይማር። ከጠየቅሽው ሁሉ ልቤን የነካው «ጸሎቴ የት ገባ» ያልሽው ስለ ሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ።

ሌሊት ሌሊት ትይው የነበረውን ቃል እስኪ መለስ ብለሽ አስቢው። «ማረው» ነው ያልሽው። በሀገራችን የታመመ ሰው ስንጠይቅ «እግዚአብሔር ይማርህ» እንላለን፤ ያረፈ ሰው ስናነሣ «ነፍስ ይማር» እንላለን። ግሡ አንድ ነው። በግእዙ «መሐረ» የሚባለው፣ ካህናትና ምእመናን 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያሉ የሚማጸኑበት ያው ቃል ነው። አንቺ በልብሽ የሥጋውን ጤና ታስቢ ነበር፤ ልመናሽን ይሰማ የነበረው ግን የአባትሽን ማረፍ ከአንቺ ቀድሞ የሚያውቅ አምላክ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ 8፥26 «እንዴት እንድንጸልይ እንደሚገባን አናውቅም» ሲል መንፈስ ቅዱስ ድካማችንን እንደሚያግዝ የነገረን ለእንዲህ ያለው ጊዜም ጭምር ይመስለኛል። ጌታችንም በሉቃስ 20፥38 እግዚአብሔር የሕያዋን አምላክ እንጂ የሙታን እንዳልሆነ ሲያስተምር «ሁሉ ለእርሱ ሕያዋን» ናቸው ብሏል። ስለዚህ አንቺ የለመንሽው ለሌለ ሰው አልነበረም። ቤተሰቦችሽ በሣልስቱ፣ በሰባቱና በዐሥራ ሁለቱ ካህናት ጠርተው ፍትሐት ሲያስደርጉ፣ አንቺም በዚያው ሰሞን ሳታውቂ ለዚያው ነፍስ ያንኑ ምሕረት ትለምኚ ነበር። ከቀብሩ ብትቀሪም ከጸሎቱ አልቀረሽም።

ይህን ስል የለመንሽውን አግኝተሻል ማለቴ አይደለም። አባትሽ ከአልጋው እንዲነሣ ፈልገሽ ነበር፤ አልተነሣም። ለምን እንዳልተነሣ ነግሬሽ ላጽናናሽ ብሞክር ያልተገለጠልኝን መናገር ይሆንብኛል። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት በምድር ላይ ዝም ብለው በተቀመጡበት ጊዜ መልካም አጽናኞች ነበሩ፤ የተሳሳቱት ምክንያት መደርደር ሲጀምሩ ነው።

ልቅሶን በተመለከተ፣ ማልቀስሽን እምነት ማጣት ያሉሽ ሰዎች ተሳስተዋል። ጌታችን አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ ወደ መቃብሩ ሲሄድ እንባውን አፍስሷል። ቅዱስ እስጢፋኖስን የቀበሩት መንፈሳውያን ሰዎች ታላቅ ልቅሶ እንዳለቀሱለት በሐዋርያት ሥራ 8፥2 ተጽፏል። ቅዱስ ጳውሎስ የከለከለው ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች ማዘንን ነው እንጂ ማዘንን አይደለም። የኑሲሱ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ወንድሙ ታላቁ ባስልዮስ ባረፈ ጊዜ ልቡ ተሰብሮ ወደ እኅቱ ወደ ማክሪና ሄዶ ነበር። እርሷም ታማ ተኝታ ሳለች አልተቆጣችውም፤ ጥቂት እንዲያለቅስ ተወችውና ከዚያ በኋላ ስለ ነፍስና ስለ ትንሣኤ አስተማረችው። ጳጳስና ሊቅ የሆነው ሰው እንዲያለቅስ ከተፈቀደለት፣ የአንድ ወጣት ተማሪ እንባ ነቀፋ ሊሆን አይገባውም። ፊት መንጨት፣ ደረት መድቃትና ምግብ ትቶ ሰውነትን መጉዳት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ስለ ሞተ ሰው አካልን መቦጨቅ በኦሪት ዘዳግም 14፥1 ተከልክሏል። ጥቁር መልበስ ደግሞ የሀገር ልማድ እንጂ የቤተ ክርስቲያን ትእዛዝ ስላልሆነ ብትለብሽው አትነቀፊም፣ ብታወልቂውም አባትሽን አልካድሽውም።

ቤተሰቦችሽ ስለ ደበቁሽ በግልጽ ልናገር። ለተማሪ ልጅ ሞትን እስከ ፈተና ማብቂያ መደበቅ በብዙ ቤት የሚደረግ ነው፤ የሚያደርጉትም ከፍቅር ነው። ሆኖም ልጁን ከስንብቱ ያስቀሩታል፣ በኋላም ስልክ በደወለ ቁጥር የሚሰማውን ቃል እንዲጠራጠር ያደርጉታል። ምክር ለሚጠይቁኝ ወላጆች ሁሉ እውነቱን ንገሩት፣ የሚያጽናናው ሰውም አጠገቡ አድርጉለት እላለሁ። ቅር መሰኘትሽ ስለዚህ አያስወቅስሽም። ነገር ግን እናትሽ ለ23 ቀን ያደረገችውንም አስቢ፤ ባሏን ቀብራ፣ ለቀስተኛው በድንኳን ተቀምጦ ሳለ፣ የአንቺ ስልክ ሲጠራ እንባዋን ውጣ ድምፅዋን አስተካክላ «ተኝቷል» ብላሻለች። ጌታችንም ስለ አልዓዛር ሞት ለደቀ መዛሙርቱ መጀመሪያ የነገራቸው «ወዳጃችን አልዓዛር ተኝቶአል» ብሎ ነው። የእናትሽ ቃል መደበቂያ ነበር፤ ቢሆንም ምእመን ስለ አረፈ ሰው ሊናገረው ከሚችለው ቃል የራቀ አልነበረም። የተሰማሽን ሳትደብቂ ንገሪያት፣ ከዚያም አብራችሁ አልቅሱ። እርሷ በእነዚያ ቀናት ከአንቺ ጋር ማልቀስ አልቻለችም።

ወደ ትምህርትሽ ስመጣ፣ ብዙዎች «ለአባትሽ ስትይ ተመረቂለት» እንደሚሉሽ እገምታለሁ። እኔ ይህን ሸክም አልጭንብሽም። ዲግሪውን ለአባትሽ የምትከፍይው ዕዳ ካደረግሽው፣ አንድ ኮርስ ቢበላሽብሽ አባትሽን ሁለተኛ ያጣሽው ይመስልሻል። ንጉሥ ዳዊት ልጁ ታሞ ሳለ ጾመ፣ አለቀሰ፤ ልጁ በሞተ ጊዜ ግን ተነሥቶ ታጠበ፣ ወደ እግዚአብሔር ቤት ገብቶ ሰገደ፣ እንጀራም በላ። ባሪያዎቹ ሲደነቁ «እኔ ወደ እርሱ እሄዳለሁ እንጂ እርሱ ወደ እኔ አይመለስም» አላቸው። መብላቱም መሥራቱም መርሳት አልነበረም። አንቺም መጽሐፍ ስትከፍቺ የምትከፍቺው የዕለት ሥራሽ ስለ ሆነ ነው። አእምሮሽ እንቢ ካለሽ ሁለት ገጽ አንብበሽ ተነሺ፤ ሰው ብቻውን ሲሆን ኀዘን ይበረታልና ላይብረሪ ስትሄጂ ከጓደኛሽ ጋር ሂጂ። እንቅልፍና ምግብ ከራቁሽ ለመምህራንሽና ለሐኪም ተናገሪ። ሴሚስተሩን ማቋረጥ ግድ ቢሆንብሽም ኃጢአት አይደለም።

አርባው እንዲህ ይሁን። መሄድ ከቻልሽ አስፈቅደሽ ሂጂ፤ ያመለጠሽን መቃብር ማየት ለአንቺ ከአንድ ሳምንት ትምህርት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። የጠየቀችኝ ሌላ ተማሪ ብትሆን፣ ቀብሩ ላይ የቆመች ብትሆን፣ «እዚያው ሆነሽ አስቢው» እላት ነበር። መንገዱ ወይም ገንዘቡ ካልፈቀደ ግን የአባትሽን የክርስትና ስም ከእናትሽ ጠይቂ፤ በጸሎት የሚጠራው በቤት የምትጠሩት ስሙ ሳይሆን እርሱ ነውና። ስሙን ጽፈሽ በግቢሽ አቅራቢያ ላለው አጥቢያ ካህን ስጪ፣ በዕለቱ ቅዳሴ አስቀድሺ፣ አቅምሽ በፈቀደ ለአንድ ችግረኛም ቢሆን ምሳ አብዪ። አርባኛው ቀን ጌታችን ከትንሣኤው በኋላ ያረገበትን ቀን የሚያሳስብ ነው፤ ትልቅ ድግስ አይጠይቅም። ማታ ዶርም ስትመለሺ እንደ ለመድሽው ውዳሴ ማርያሙን ድገሚ፤ ሲያበቃም ያንኑ የቀድሞ ልመናሽን፣ ቃሉን ሳትለውጪ፣ የክርስትና ስሙን ብቻ ጨምረሽ «ማረው» በይ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።