መልስ፦ ሜይ 6 ጃፓን ውስጥ ዝግ ነው ወይ? ታካኦ ተራራ ለመሄድስ?

አዎ፣ በ2026 እ.ኤ.አ. ሜይ 6 የሕዝብ በዓል ስለሆነ ሥራ ዝግ ነው። የሕገ መንግሥት ቀን (ሜይ 3) እሑድ ስለሚውል ምትክ ቀን ይሰጠዋል፤ ሰኞና ማክሰኞም በዓል ስለሆኑ ምትኩ ወደ ረቡዕ ይገፋል። የግል ድርጅት ውስጥ ከሆኑ ግን አለቃዎን ይጠይቁ፤ በዓል ሆኖም የሚያሠሩ አሉ።

ለታካኦ (599 ሜትር) ከቶኪዮው ሺንጁኩ ጣቢያ በኬዮ ባቡር መስመር እስከ ታካኦሳንጉቺ ጣቢያ ይሂዱ፤ አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

1. በ6ኛው የእግር መንገድ ይውጡ (መንገዶቹ በቁጥር ነው የሚጠሩት)። የጅረቱን ዳር ይዞ ይሄድና ወደ መጨረሻው ውኃው ውስጥ ድንጋይ ለድንጋይ ያስኬዳል፤ ሶሉ ያለቀ ጫማ ያንሸራትታል።
2. በ1ኛው ይውረዱ። 6ኛው በበዓል ሰሞን ወደ ላይ ብቻ ይደረጋል።

ጥንቃቄ፦ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት (በነሱ 8) ይድረሱ፤ ከዚያ በኋላ ሰው ወደ ተራራው የሚያወጣው የኬብል መኪና ሰልፍ በጣም ይረዝማል። ተራራው ላይ ቆሻሻ መጣያ ስለሌለ ፌስታል ይያዙ።