ኬለርቢር በሳጥን ጭነህ እንዳትሄድ

ወንድሜ፣ አባትህ ከአዲስ አበባ ሊመጡ ነው፤ ያልተጣራውን የጀርመን ኬለርቢር ላቀምሳቸው ነው፣ ፍራንክፈርት ውስጥ በሳጥን የት ይገኛል ብለሃል። እኔም የዛሬ ሦስት ዓመት ይህንኑ ስጠይቅ ነበር። የነገረኝ ስላልነበረ ከሰርኩበት።

1. ቢራው አይምጣ፣ አባትህ ይሂዱ። በባቡር፣ በቩርዝቡርግ በኩል ወደ ባምበርግ ወይም ፎርችሃይም፣ ሰሜን ባቫሪያ ወዳሉት ከተሞች። መኪናውን ቤት ተወው፤ ትጠጣለህ። ፎርችሃይም ጫካው ውስጥ፣ ኮረብታው ላይ፣ ከ20 የሚበልጡ ኬለሮች፣ ማለትም የቢራ መጠጫ ቦታዎች አሉ። ኬለር ምድር ቤት ማለት ነው፤ እዚያ ግን ሰው የሚቀመጠው ከላይ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ቢራው ነው ከሥር የነበረው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በባቫሪያ በሙቀቱ ወራት ቢራ መጥመቅ ተከለከለ። የሚጠመቀው ከሚካኤል እስከ ጊዮርጊስ ነበር፣ በእነሱ ከሴፕቴምበር 29 እስከ አፕሪል 23። (እኛም ጊዮርጊስን በ23 ነው የምናከብረው፤ የወሩ አቆጣጠር ነው የሚለየው።) ስለዚህ በብርዱ ወራት የጠመቁትን እንዲያቆይላቸው ኮረብታውን ቦረቦሩት።

2. ድፍርስ ነው ብለው እንዳይመልሱት ቀድመህ ንገራቸው። ጉሽ ነው በላቸው፣ ወዲያው ይገባቸዋል። እናቴ ጠላ ስትጠምቅ ነው ያደግሁት፤ ስቀምሰው እርሾውን በምላሴ ለየሁት። የትኩስ ዳቦ ጠረን አለው፣ ለስላሳ ነው፣ መራራነቱ ኋላ ይመጣል። ባምበርግ ማርስ ብሮይ የሚባለው ጠማቂ ቤት ከገባችሁ «ኡ» ብለህ እዘዝ፤ ሰዉ የሚጠራው እንደዚያ ነው። ኡንገሽፑንደት ለማለት ነው፣ በርሜሉ ሲብላላ ውታፉ ያልተደፈነ። ጋዙ ስለሚወጣ ሆድ አይነፋም። ኮምጣጣ ከሆነ ግን ተበላሽቷል፣ እንደ ጠላ አትቁጠረው። የጭስ ጣዕም ያለው ደግሞ ራውክቢር የሚባል ሌላ ቢራ ነው፤ በወይራ የታጠነ ጋን ለሚወድ ሰው እሱም ይቀመስ።

3. በሳጥን አትግዛ። የእህቴ ልጅ ክርስትና ሐምሌ ላይ ነበር። ከአንድ የገጠር ጠማቂ ሁለት ሳጥን፣ 40 ጠርሙስ ገዛሁ። ሻጯ «ቀዝቃዛ ቦታ» ብላኛለች። እኔ እንደ ማንኛውም ቢራ መስሎኝ ሁለት ቀን መኪናው የዕቃ መጫኛ ውስጥ ተውኩት። ያልተጣራ፣ እንዲቆይ ተብሎ በሙቀት ያልታከመ ቢራ እርሾው በሕይወት አለ፤ ሙቀት ሲያገኘው ይነሳል። ቄሱ መርቀው ሲጨርሱ የመጀመሪያውን ከፈትኩ። አረፋው ገንፍሎ ጠረጴዛውን አጠበው። የቀረውን የቀመሱት ትልልቆች ምንም ሳይሉ ብርጭቆውን አስቀመጡት። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ያመኛል።

በዚህም አላበቃም። ባዶውን ፍራንክፈርት ልመልስ ብል አንድ የመጠጥ መደብር «ይህን አንሸጥም» አለኝ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም፣ ከኋላዬ ያለውን ሰው ጠራ። ለባዶው ጠርሙስና ሳጥን ያስያዝኩት ለሁለቱ ሳጥን 9 ዩሮ ነበር፤ ብዙ ገንዘብ አይደለም። ያናደደኝ አነጋገሩ ነው። ሳጥኑን ወደ ጠማቂው መልሼ የወሰድኩት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቼ ነው።

በዓመቱ የራሴን አባት ይዤ ፎርችሃይም ሄድኩ። በሸክላ ኩባያ ግማሽ ሊትር ቀረበላቸው። አንዴ ጎንጨት አሉና «ይሄ ከጋኑ ገና አሁን የተቀዳ ነው» አሉ። ሁለተኛውን ራሳቸው በጣታቸው አሳይተው አዘዙ። ብዙዎቹ ኬለሮች የራስን ምግብ ይዞ መግባት ስለሚፈቅዱ ቆሎ ይዘን ነበር። አጠገባችን የተቀመጡት ሽማግሌ ዘግነው በሉ፣ ከምን እንደሚሠራ ጠየቁን። ገብስ ነው አልናቸው፣ ወደ ኩባያቸው አይተው ሳቁ።

ጥሬ ገንዘብ ያዝ፣ ካርድ የማይቀበሉ አሉ። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ብዙዎቹ አይከፍቱም፤ ጠዋት ደውለህ ጠይቅ።