ክረምት ሲወጣ የሚነሱ የጽዳት ጥያቄዎች

በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በአቃቂና በለገጣፎ ያሉ ደንበኞቻችን ለአዲስ ዓመት ጽዳት ሲዘጋጁ የላኩልን ጥያቄዎች ናቸው። መልሱን የሰጠችው የጽዳት ቡድኖቹን የምታስተባብረው ባልደረባችን ናት።

ጥያቄ፦ እኛ ቤት ትመጣ የነበረችው ልጅ ቀረች። ሥራ ለቃ ነው ወይስ ሌላ ቦታ መደባችኋት?

መልስ፦ አልለቀቀችም፤ የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ከነደመወዟ ታርፋለች። በእሷ ቦታ ሁለት አዲስ ሠራተኞች ገብተዋል፤ ሁለቱም ገና የሙከራ ጊዜ ላይ ናቸው። እስኪጨርሱ ድረስ ብቻቸውን ቤት አንልካቸውም፤ ከነባር ሠራተኛ ጋር ይመጣሉ፣ ቁልፍ የሚረከበውም ነባሩ ነው። መስከረም 17 የመስቀል ዕለት ማንም ሥራ አይገባም።

ጥያቄ፦ ከቁም ሳጥኑ ኋላ ያለው ግድግዳ ክረምቱን ሙሉ ሻገተ። በረኪና ቀባንበት፣ ነጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። ምን እናድርግ?

መልስ፦ በረኪናው ቀለሙን ነው ያነጣው፤ ልስኑ ውስጥ የገባው ሥር አልተነካም፣ እርጥበቱም እንዳለ ነው። መጀመሪያ እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ይለዩ። እድፉ ቢጫ ክብ ሠርቶ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ጣሪያ ወይም የላይኛው ቤት ቧንቧ ያፈሳል፤ እሱ ሳይጠገን ማጽዳት ድካም ብቻ ነው። ከዕቃ ኋላና በማዕዘን ላይ ብቻ ጥቁር ነጠብጣብ ከሆነ ግን የቤቱ እንፋሎት ቀዝቃዛው የውጭ ግድግዳ ላይ ጤዛ እየሆነ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ በብዛት የምናየው ይሄኛው ነው፤ ዋናው ምክንያትም መስኮት ዘግቶ ልብስ ቤት ውስጥ ማስጣት ነው።

ሲያጸዱ በደረቁ አይቦርሹት፤ ብናኙ ቤቱን ይሞላል። አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው፣ መስኮት ከፍተው፣ የቀባችሁት የበረኪና ቅሪት ካለ መጀመሪያ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው፣ ምንም ውሃ ያልገባበት አቼቶ በመርጫ እስኪርስ ይርጩና አንድ ሰዓት ይተዉት። ከዚያ በብሩሽ ፈትገው በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ጨርቁን ደጋግመው ያለቅልቁት። ግድግዳው ኖራ የተቀባ ከሆነ አቼቶ አይንካው፣ ኖራውን ይበላዋል፤ በሳሙና ውሃ ብቻ ይሥሩ። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ያርቁት፣ ጠዋት ጠዋት መስኮት በሁለት በኩል ይክፈቱ። ቀለም የሚቀባው ግድግዳው ፍጹም ከደረቀ በኋላ ነው፤ እርጥብ ላይ የተቀባ ቀለም አብጦ ይላጣል።

ጥያቄ፦ አቼቶና ሶዳ ቀላቅሎ በመርጫ ጠርሙስ ማስቀመጥ ጥሩ ነው ይባላል። ልኩ ስንት ነው?

መልስ፦ ልክ የለውም፤ አይቀላቅሉት። አንዱ አሲድ ነው፣ ሌላው የአሲድ ተቃራኒ፤ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ። አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ አረፋው ሲያልቅ የሚቀረው ጨውነት ያለው ውሃ ብቻ ነው። ጠርሙሱን ከዘጉትም ሊፈነዳ ይችላል። ቅባትና ሽታ ላይ ሶዳ፣ የውሃ ድንጋይ ላይ አቼቶ፤ ለየብቻ ነው የሚሠሩት። ሱቅ ሲሄዱም ቤኪንግ ሶዳ ይበሉ፤ ቤኪንግ ፓውደር ስታርችና አሲድ ስላለበት ለዚህ አይሆንም።

አቼቶም ሆነ ሎሚ ከበረኪና ጋር ግን በምንም መንገድ አይገናኙ። የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው፤ ጠባብ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሳንባ ይጎዳል። ለመጸዳጃ የሚሸጠው «አሲድ» ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

ጥያቄ፦ አቃቂ ነን። የሻወሩ ቀዳዳ ተደፈነ፣ ማንቆርቆሪያውም ውስጡ ነጭ ድንጋይ ሠራ።

መልስ፦ የጉድጓድ ውሃ ካልሲየምና ማግኒዥየም ስለሚበዛበት ነው። ፌስታል ውስጥ አቼቶ አድርገው የሻወሩን ጭንቅላት ይንከሩት፣ በላስቲክ ይሰሩት፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ በጥርስ ብሩሽ ይፈትጉ። ሌሊቱን አያሳድሩት፤ ማብለጭለጫው ይነሣል። ለማንቆርቆሪያው አቼቶና ውሃ እኩል አድርገው ያፍሉ፣ ግማሽ ሰዓት ይተዉት፣ ይድፉ፤ ከዚያ ሁለት ጊዜ ንጹሕ ውሃ አፍልተው ይድፉ። እምነበረድና ቴራዞ ላይ አቼቶ እንዳይንጠባጠብ፤ የነካው ቦታ ደብዝዞ ይቀራል፣ በማጠብም አይመለስም።

ጥያቄ፦ የተቃጠለ ድስት በሶዳ አፍልቼ ጠቆረብኝ።

መልስ፦ አሉሚኒየም ነው። ሶዳ አሉሚኒየምን ያጠቁራል፤ ለብረትና ለማይዝግ ድስት ነው የሚሆነው፣ በሊትር ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ። የጠቆረውን ድስት ውሃ ሞልተው የሁለት ሎሚ ጭማቂ ጨምረው 10 ደቂቃ ያፍሉት፤ ይመለሳል። ከዚያ ቶሎ ይጠቡት።

ጥያቄ፦ እናቴ ጋቢ የሚታጠበው በእንዶድ ነው ትላለች። ከኦሞ ይሻላል?

መልስ፦ እናትዎ ልክ ናቸው። የደረቀው ፍሬ ተወቅጦ ሲዘፈዘፍ ሳፖኒን የሚባለው ንጥረ ነገር አረፋ ይሠራል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ያጸዳል፣ ጥጡንም አያከስምም። ሲወቅጡ አፍንጫዎን ይሸፍኑ፣ ዱቄቱ ያስነጥሳል፣ ዓይን ያቃጥላል።

ችግሩ ያለቀለቁበት ውሃ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያስተዋሉት፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው መገኘታቸውን ነው። ቢልሃርዚያ የምታስተላልፈውን ቀንድ አውጣ ስለሚገድል ለጤና ትልቅ ግኝት ሆነ፤ ግን ያው ኃይሉ ዓሣንም ይገድላል። ስለዚህ እጣቢውን ወደ አቃቂ ወንዝ የሚወርድ ቦይ ውስጥ አይድፉ፤ ከጉድጓድ ውሃ ራቅ ያለ ደረቅ መሬት ላይ ያፍስሱት። «ተፈጥሯዊ» ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ እንዲሁ ነው፤ የት እንደሚደፋ ሳይነገር ዋጋው ብቻ ይነገራል።

ጥያቄ፦ ውሃ በፈረቃ ነው የምናገኘው። ሮቶውን ስናጥብ ሙሉ ታንከር ውሃ መድፋት ግድ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ውሃው ሊያልቅ ሲቃረብ ይጀምሩ፤ የቀረውን ለወለል ይጠቀሙበት። ታች የተኛውን ደለል በመጥረጊያና በጨርቅ ያውጡ፣ ግድግዳውን እጀታው ረጅም በሆነ ብሩሽ ይፈትጉ። ከዚያ 5 ሊትር ውሃ ውስጥ 5 በመቶ የሆነ ሽቶ ያልተጨመረበት በረኪና 20 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የሾርባና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨምረው ግድግዳውን በሙሉ ያርሱት። 30 ደቂቃ ጠብቀው ያለቅልቁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደለሉን ሳያወጣ በረኪና ሲጨምር ነው፤ ክሎሪኑ ጭቃው ላይ ያልቃል፣ ግድግዳው ጋ አይደርስም። በረኪናው ፀሐይ ላይ ወይም ለረጅም ጊዜ የቆየ ከሆነም ጉልበቱ አልቋል። ሰው ውስጡ ገብቶ እንዲያጥብ በፍጹም አይፍቀዱ።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ ግቢ ውስጥ ሴፕቲክ ታንክ ነው ያለን። መጸዳጃው ላይ በየቀኑ በረኪና ብናፈስ ይጎዳዋል?

መልስ፦ ይጎዳዋል። ቆሻሻውን የሚያብላላው ባክቴሪያ ነው፤ በየቀኑ በረኪና ከወረደበት ይሞታል፣ ታንኩም ቶሎ ይሞላል። በየቀኑ ብሩሽና የሳሙና ውሃ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ጥቁሩ ጭቃ ምንጣፍ ላይ ሲገባ ባጠብነው ቁጥር ይሰፋል።

መልስ፦ እርጥቡን ስለምታጥቡት ነው። ኮቲቻው፣ ማለትም ይሄ ጥቁር አፈር፣ በጣም የላመ ሸክላ ስላለበት ውሃ ሲያገኝ ክሩ ውስጥ ይሰርጋል። እንዳለ ይተዉት፣ ፍጹም ይድረቅ፤ ከዚያ ደረቅ ብሩሽ፣ ቀጥሎ መጥረጊያ። የቀረውን ብቻ በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና አድርገው፣ ከእድፉ ጠርዝ ወደ መሃል በጨርቅ ይጫኑት እንጂ አይፈትጉት።